«ኮምፒውተርዎ ተጠቅቷል» የሚለው ማን ነው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፦ ሳይጠሩት ስክሪን ላይ እየመጣ «ቫይረስ ገብቶብዎታል፣ ይክፈሉ፣ ይደውሉ» የሚል የውሸት ማስጠንቀቂያ። የሜኑ ስሞችን በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ጽፈናል፤ የአብዛኛው አንባቢ ኮምፒውተር የሚያሳየው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ሰሞኑን በስክሪኑ የታችኛው ቀኝ ጥግ የማካፊ (የአንቲቫይረስ ፕሮግራም) አርማ ያለበት መልእክት በየጊዜው ብቅ እያለ «5 ቫይረሶች ተገኝተዋል፣ የአገልግሎት ጊዜዎ አልቋል» ይለኛል። እኔ ማካፊ ጭኜ አላውቅም። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ሙሉ ስካን ባደርግም ምንም አላገኘም። ሰፈራችን ያለው ጥገና ቤት «ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። እውነት ነው?
ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ

መልስ፦ ፎርማት አያስፈልገውም። ስካኑ ምንም ያላገኘው የሚገኝ ነገር ስለሌለ ነው። መልእክቱን የሚልክልዎ አንድ ድረ ገጽ ነው፤ የሚልከውም እርስዎ ሳያውቁ በሰጡት ፈቃድ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ነፃ ፊልም ወይም የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ እናሳያለን የሚሉ ገጾች ሲከፈቱ ከላይ በግራ በኩል «አላው» እና «ብሎክ» የሚሉ ሁለት አማራጮች ያሏት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። ገጹ ደግሞ በትልቁ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ብሎ ይጽፋል። የሳጥኗ ጥያቄ ግን ከሮቦት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ «ይህ ገጽ ማሳወቂያ ይላክልዎ ወይ?» ነው የምትለው። አንዴ አላው ከተባለ፣ ገጹ ከተዘጋ በኋላም የፈለገውን ጽሑፍ ከፈለገው አርማ ጋር መላክ ይችላል። ዊንዶውስ የራሱን ማሳወቂያ በሚያሳይበት ጥግ ላይ ስለሚወጣ ከኮምፒውተሩ የመጣ ይመስላል። ሲጫኑት ግን ወይ ካርድ ቁጥር ወደሚጠይቅ ገጽ፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም ወደሚያስወርድ ገጽ ይወስድዎታል።

ለማረጋገጥ፣ መልእክቱ ሲመጣ ሳይጫኑት በደንብ ይዩት። ጎግል ክሮም ወይም ማይክሮሶፍት ኤጅ የሚል የብሮውዘር ስምና የማያውቁት የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎበታል። የእውነት ማካፊ ቢሆን ኖሮ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ስሙ ይገኝ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ማካፊን ለሙከራ ጊዜ ተጭኖባቸው ይመጣሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ማስታወሻው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ መክፈል ካልፈለጉ ግን ያራግፉት። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ በራሱ ቦታውን ይይዛል፤ ለቤት ኮምፒውተርም በቂ ነው።

ማጥፊያው በክሮም ይህ ነው፦ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። ከታች ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር አለ። የማያውቁትን እያንዳንዱን አድራሻ በጎኑ ባሉት ሦስት ነጥቦች ከፍተው «ብሎክ» ይበሉት። «ሪሙቭ» አይምረጡ፤ ሪሙቭ የቀድሞ መልስዎን ብቻ ስለሚሰርዝ ገጹ ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። በፋየርፎክስ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ፐርሚሽንስ በሚለው ሥር ኖቲፊኬሽንስ አጠገብ ያለውን ሴቲንግስ ይጫኑ። በኤጅ ግን ቦታው ሥሪቱ በታደሰ ቁጥር ስለሚዘዋወር፣ ሴቲንግስ ከፍተው በላይኛው መፈለጊያ ሳጥን ኖቲፊኬሽንስ ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች አሉ። ሂስትሪ ማጥፋት ብቻውን ፈቃዱን አያነሳም። ክሮም ውስጥ ከአንድ በላይ ፕሮፋይል ካለ፣ ለምሳሌ የእርስዎና የልጅዎ፣ ፈቃዱ በየፕሮፋይሉ ስለሚቀመጥ ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። ክሮምን ዘግተውት እንኳ መልእክቱ የሚመጣ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም ገብተው ክሮም ሲዘጋ ከበስተጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ማብሪያ ያጥፉ። አንዱን አድራሻ ሲዘጉ በማግሥቱ ሌላ አድራሻ ተፈቅዶለት ካገኙት ደግሞ ነገሩ ከማሳወቂያ አልፏል፤ ፈቃዱን እየሰጠ ያለ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ወይም ሌላ ፕሮግራም አለ ማለት ነውና ከታች ለባሕር ዳሩ ጠያቂ የሰጠነውን መልስ ይከተሉ።

ከፎርማት የሚቆጠበው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ፎርማት ተደርጎ ያው ገጽ ተከፍቶ ያው አላው ከተጫነ በዚያው ቀን ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ፌስቡክ እያየች ሳለ ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ማንቂያ ደወል መጮህ ጀመረ፤ ማውሱም አልታዘዝ አላት። ስክሪኑ ላይ በተጻፈው ስልክ ደወለች። «ከማይክሮሶፍት ነን» ያሉ ሰዎች አንድ ፕሮግራም አስጫኗትና ከሁለት ሰዓት በላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቆዩ። በጊፍት ካርድ 400 ዶላር ከፈለች። አሁን ኮምፒውተሩ ደህና ይመስላል፤ ግን የባንክ አካውንቷን የምታየው በእሱ ነው። ከምን ልጀምር?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሰማያዊው ገጽ ራሱ ምንም አላደረሰም፤ ሙሉ ስክሪን የያዘ ድረ ገጽ ነው። የማውሱን ቀስት ይደብቃል፣ የውሸት መስኮቶችን ይሥላል፣ ድምፅ ያጫውታል፤ ሲዘጋ ያበቃል። ጉዳቱ የጀመረው እናትዎ ከደወሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚጸዳው የገጹ ርዝራዥ ሳይሆን ሰዎቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥለውት የሄዱት ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁት፤ ኬብል ከሆነ ይንቀሉት፣ ዋይፋይ ከሆነ ያጥፉት። ያስጫኑት የርቀት መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር በራሱ እንዲነሳና ሳይጠይቅ እንዲያስገባቸው ተደርጎ ሊሆን ይችላል። በስካን አይጀምሩ። ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ አልትራቪወር፣ ስክሪንኮኔክት የሚባሉት ድርጅቶች ለሕጋዊ ሥራ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ስለሆኑ አንቲቫይረሱ አይቷቸው ሊያልፍ ይችላል። «ስካን አደረግኩ፣ ንፁህ ነው» ብሎ መረጋጋት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ስልክ ላይ ነው። ባንካቸው ጋ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉና ኮምፒውተሩ በሌላ ሰው እጅ እንደነበረ ይንገሩ። የኦንላይን መግቢያው እንዲቀየር፣ በአካውንቱ ላይም ክትትል እንዲደረግ ይጠይቁ። ለጊፍት ካርዱ፣ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ገንዘቡ ገና ካልተነካ ሊያግዱት ይችላሉ። ካርዶቹንና ደረሰኙን አይጣሉ። አሜሪካ ስላሉ ጉዳዩን ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ማመልከት ይቻላል፤ ሁለቱም በድረ ገጻቸው ይቀበላሉ።

ከዚያ ፓስወርዶች። ከሌላ ንፁህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሆነው ከኢሜይል ይጀምሩ፤ የባንኩም የፌስቡኩም ፓስወርድ መቀየሪያ የሚላከው ወደ ኢሜይሉ ነውና። ኢሜይሉ ውስጥ ሴቲንግስ ገብተው ደብዳቤዎችን ወደማያውቁት አድራሻ የሚያስተላልፍ ወይም ከባንክ የሚመጣውን በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚልክ ደንብ እንዳልተጨመረ ይዩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ፓስወርዶች ሁሉ ታይተዋል ብሎ መቁጠር ይሻላል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ ይክፈቱና ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ይደርድሩት። በዚያ ቀንና ከዚያ ወዲህ የገባውን ሁሉ ያራግፉ። ስክሪንኮኔክት ክላየንት ከሚለው ስም ቀጥሎ የተዘበራረቁ ፊደላትና ቁጥሮች ይኖራሉ፤ ከአንድ በላይ ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ አንዱን ካነሱ በኋላ ዝርዝሩን እንደገና ያጣሩ። ኩዊክ አሲስት ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ኮድ ካልተሰጠው አያስገባም። ቀጥሎ በታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን፣ በሴቲንግስ ውስጥ ደግሞ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ የሚለውን ይዩ፤ የማታውቁት ተጠቃሚ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቦታ ደግሞ አለ፤ ጥገና ቤቶችም ብዙ ጊዜ አያዩትም። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ከሁሉም ታች ኤክስክሉዥንስ። ይህ ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የተነገረው የፎልደሮች ዝርዝር ነው። አጭበርባሪው ሲ ድራይቭን በሙሉ እዚያ አስገብቶት ከሆነ የሚያደርጉት ስካን ሁሉ ከንቱ ነው። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ ነው ስካን፦ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ ውጤቱ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ይቀመጣል።

የእኛ አቋም ግን ከዚህም ያልፋል። ሁለት ሰዓት ማንም ሳያያቸው ከቆዩና በኮምፒውተሩ ባንክ የሚከፈትበት ከሆነ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን። ፎቶና ሰነድ ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ የፕሮግራም መጫኛ ፋይል አይቅዱ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ሪሴት ፒሲ፣ ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ። ክላውድ ዳውንሎድ የሚለው አማራጭ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት በአዲስ ስለሚያወርድ ይመረጣል፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ግን በሞባይል ዳታ አይሞክሩት። ለማውረድ ኢንተርኔቱን መልሰው የሚያገናኙትም መቆጣጠሪያዎቹን ካራገፉ በኋላ ብቻ ነው። ከመጀመርዎ በፊት የእናትዎን የማይክሮሶፍት አካውንት ፓስወርድና የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁጥር በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል።

ለእናትዎ ሁለት ነገር ያስረዱልን። አንደኛው፣ ሰዎቹ «እዩት፣ ይህ ሁሉ ቫይረስ ነው» ብለው ያሳዩአቸው ቀይ ምልክት ያለበት ዝርዝር ኢቨንት ቪወር ይባላል፤ ጤነኛ በሆነ ዊንዶውስ ሁሉ ላይ ቀይና ቢጫ ምልክት ሞልቶበታል። ሁለተኛው፣ ከወራት በኋላ «ገንዘብዎን ልንመልስልዎ ነው» ብለው እንደገና መደወላቸው የተለመደ ነው። ያኔ ባንካቸውን በኮምፒውተሩ ያስከፍቱና በገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥር በብሮውዘሩ ውስጥ ለውጠው «400 ልንልክ 4,000 ላክን፣ ልዩነቱን መልሱልን» ይላሉ። አካውንቱ ውስጥ የገባ ገንዘብ የለም፤ የተቀየረው ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነት ገጽ ድጋሚ ሲመጣ የኢስኬፕ ቁልፍን ተጭኖ ለጥቂት ሰከንድ ሳይለቁ መያዝ ከሙሉ ስክሪን ያወጣል። እምቢ ካለ አልት እና ኤፍ 4፣ እሱም እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ በአንድ ላይ ተጭነው ብሮውዘሩን «ኢንድ ታስክ» ማለት ነው። ሁሉም ቢያቅታቸው የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ብሮውዘሩ ሲከፈት «ገጾቹን ልመልስ?» ብሎ ቢጠይቅ ሪስቶር አይባልም፤ ያው ገጽ ይመለሳል። ኤጅ የሚጠቀሙ ከሆነ በሴቲንግስ ውስጥ ስኬርዌር ብሎከር የሚባለው ማብሪያ መብራቱን ይዩ፤ የተሠራው ለእነዚህ ገጾች ነው። የማይክሮሶፍት የእውነት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይኖረውም። ቁጥር ካዩ የውሸት ነው፤ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከነክራኩ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ከሚያደርገው ፋይል ጋር) አውርጄ ከጫንኩ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲከፈት «ማጽጃ ነኝ» የሚል ፕሮግራም በራሱ ተነስቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ1,000 በላይ ስህተት አገኘሁ ይላል፤ ለማስተካከል 40 ዶላር ይጠይቃል። ላራግፈው ስል «ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ነው» ይለኛል። ክሮም ስከፍትም የማላውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይ ካሉት ይለያል፤ እዚህ በእርግጥ የተጫነ ፕሮግራም አለ። 1,000 ስህተት የሚላቸው ኩኪዎች (ድረ ገጾች እርስዎን ለማስታወስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትናንሽ ፋይሎች)፣ ጊዜያዊ ፋይሎችና ከተራገፉ ፕሮግራሞች የቀሩ የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዷን እንደ አንድ ስህተት ይቆጥራታል። አንዷም ኮምፒውተር አትጎዳም።

ዘዴው የቆየ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰርና ኤክስፒ አንቲቫይረስ የመሳሰሉትን ይሸጥ የነበረውን ኢኖቬቲቭ ማርኬቲንግ የተባለ ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲከስ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተታለሉ ገልጾ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር «ጥገና» ሻጮች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከፍሎ ማስወገድ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያገኙት የካርድ ቁጥርዎን የያዘ አጭበርባሪ ብቻ ነው።

አድክሊነር የሚባለውን የማልዌርባይትስ ነፃ መሣሪያ አስቀድመው ያውርዱ። ትንሽ ፋይል ናት፤ መጫንም አያስፈልጋትም። ጎግል ላይ ሲፈልጉ «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለበትን ውጤት ይለፉት፤ በማጽጃ ስም ሌላ ቆሻሻ የሚሸጡ ሰዎች ማስታወቂያ የሚያወጡት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። በማጽጃው ስም ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ቢሉ የተቀመጠበትን ፎልደር ያሳይዎታል፤ ቦታውን ይያዙና «ኢንድ ታስክ» ይበሉት። ወዲያው ሴቲንግስ፣ አፕስ ገብተው ያራግፉት። ክራኩን በጫኑበት ቀን አብረው የገቡትንም ያንሱ። በማራገፊያው መስኮት ላይ ቁልፎቹ ተገላብጠው ይቀመጣሉ፦ ትልቁና ባለቀለሙ «አስቀረው» የሚል ነው፣ ትክክለኛው ማራገፊያ ከሥሩ በግራጫ ትናንሽ ፊደል የተጻፈው ነው። «የ70 በመቶ ቅናሽ» የሚል ገጽ ቢከተልም ዝም ብለው ይቀጥሉ።

አሁንም እምቢ ካለ በሴፍ ሞድ ይግቡ። የሺፍት ቁልፍን እንደያዙ ሪስታርት ይጫኑ፤ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ ማጽጃው አብሮ ስለማይነሳ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይራገፋል።

በመደበኛው ዊንዶውስ ተመልሰው አድክሊነርን ያስሂዱ፤ ስካን፣ ከዚያ ኳራንቲን፣ ከዚያ ሪስታርት። ፕሪኢንስቶልድ ሶፍትዌር በሚል ርዕስ የሚያሳየው የኮምፒውተሩ አምራች የጫናቸውን ነው፤ እነሱን ምልክት አያድርጉባቸው።

የክሮሙ ነገር ከአንድ ቦታ ላይመጣ ይችላል። ኤክስቴንሽንስ ገብተው ያልጫኑትን ያስወግዱ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ሪሴት ሴቲንግስ ያድርጉ። ይህን አድርገውም ገጹ ከተመለሰ ዴስክቶፕ ላይ ባለው የክሮም ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ ይበሉ፤ ታርጌት በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ካገኙት አጥፍተው ያስቀምጡት። በክሮም ሜኑ ታች «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ከታየና ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ ፕሮግራሙ ፖሊሲ (አስገዳጅ ቅንብር) አስገብቶበታል፤ ኤክስቴንሽኑ አልጠፋ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። አድክሊነር ብዙውን ጊዜ ያነሳዋል። ካላነሳው ሬጅስትሪ ኤዲተር ውስጥ ሎካል ማሺን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጎግል፣ ክሮም የሚለውን ፎልደር መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርገው (ቅጂውን አስቀምጠው) ከዚያ ይሰርዙት። ከረንት ዩዘር በሚለው ሥርም ያው መንገድ ይታያል። ሬጅስትሪ ነክተው ካላወቁ ይህቺን አንዷን ለሚያውቅ ሰው ይተዉ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ኢንተርኔት ድንገት እምቢ ቢል አይደንግጡ። ፕሮግራሙ ግንኙነቱን በራሱ በኩል እንዲያልፍ አድርጎት ነበር፤ እሱ ሲነሳ መንገዱ ተቋረጠ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ገብተው «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለውን ያጥፉት፤ አድራሻው ላይ 127.0.0.1 የሚል ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ማጽጃው በማግሥቱ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ ውስጥ በስሙ የተያዘ ቀጠሮ ይፈልጉና ይሰርዙ።

ክራኩ ካልወጣ ግን ይህ ሁሉ ድካም የአንድ ሳምንት ነው። መጫኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ነው፤ በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ዊንዶውስን አክቲቬት የሚያደርጉ ኬኤምኤስ የሚባሉ መሣሪያዎችም ያው ናቸው፤ ዲፌንደር «ሃክቱል» ብሎ ሲይዛቸው ያ ማስጠንቀቂያ እውነተኛ ነው። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ 11 ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ የጀርባ ሥዕል መቀየር ይከለክላል፤ ዲፌንደሩና ማሻሻያው ግን ይሠራሉ። ከተሰነጠቀው ይልቅ እሱ ይሻላል። የእርስዎ ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ማሽኑ 11ን የሚችል ከሆነ ያሳድጉት።

ጥያቄ፦ አንድ ገጽ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የዊንዶውስ ቁልፍንና አር፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር እንድጫን አዘዘኝ። ጫንኩ። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስካን ንፁህ ነው ይላል። ምን ሆነ?
ከአሽዶድ፣ እስራኤል

መልስ፦ ገጹ ሳያዩት አንድ ትእዛዝ ወደ ኮፒ ማስታወሻዎ አስገብቷል፤ እርስዎ በገዛ እጅዎ ለጥፈው አስኬዱት። በዚህ መንገድ ከሚሠራጩት አንዱ ሉማ የሚባለው ሰራቂ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2025 እ.ኤ.አ. ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ በሁለት ወር ብቻ ከ394,000 በላይ በሱ የተጠቁ ኮምፒውተሮችን ቆጥሯል። የብሮውዘር ፓስወርዶችን፣ ኩኪዎችንና የክሪፕቶ ቦርሳዎችን በደቂቃዎች ውስጥ ልኮ ዱካውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ንፁህ ስካን ማለት አልተሰረቀም ማለት አይደለም። ለጥፈው ኢንተር ባይጫኑ ኖሮ ግን ምንም ባልተፈጠረ።

ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁና ከስልክዎ ሥራ ይጀምሩ። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የተሰረቀ ኩኪ ፓስወርድም የስልክ ኮድም ሳይጠየቅ ያስገባል። ጎግል አካውንት ውስጥ ሴኪዩሪቲ፣ ዩር ዲቫይስስ ገብተው የተጠቁትን መግቢያዎች ያስወጡ። ቴሌግራም ኮምፒውተሩ ላይ ከነበረ ከስልክዎ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይበሉ፤ ዋትስአፕ ላይ ሊንክድ ዲቫይስስ ነው። ባንክዎንም ያሳውቁ። ኮምፒውተሩን ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ጠያቂ እናት በጻፍነው መንገድ ሪሴት ያድርጉት፤ እዚህ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» አንመክርም። እስራኤል ውስጥ የብሔራዊ ሳይበር ዳይሬክቶሬት በ119 ይደወልለታል።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ነው ያለኝ። ማክ ቫይረስ አይገባውም ሲሉ ነበር፤ አሁን «ማክዎ ተጠቅቷል» ይለኛል።
ከዱባይ

መልስ፦ በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ማክ ዲፌንደር የሚባል የውሸት አንቲቫይረስ ብዙ ማኮችን አዳርሶ ነበር፤ ስለዚህ «አይገባውም» የሚለው ድሮ ቀርቷል። የእርስዎ ግን ምናልባት ማሳወቂያ ነው፦ ሳፋሪ፣ ሴቲንግስ፣ ዌብሳይትስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ገብተው የማያውቁትን «ዲናይ» ያድርጉ። ካልቆመ አፕሊኬሽንስ ፎልደርን፣ የሳፋሪን ኤክስቴንሽኖች፣ በሲስተም ሴቲንግስ ጀነራል ውስጥ ሎግኢን አይተምስንና ዲቫይስ ማኔጅመንትን ይዩ። በግል ማክ ላይ ያልጫኑት የቅንብር ፕሮፋይል መኖር የለበትም፤ ካለ ያስወግዱት።

ጥያቄ፦ የተበከለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይከፍትም። ማጽጃውን በፍላሽ ባመጣ ፍላሹ አብሮ አይበከልም?
ከደሴ

መልስ፦ ሊበከል ይችላል። ባዶ ፍላሽ ይጠቀሙ፤ አድክሊነርን በንፁህ ኮምፒውተር ቀድተው ያምጡት፣ በተበከለው ላይ ወደ ዴስክቶፕ ይቅዱትና ከማስኬድዎ በፊት ፍላሹን ይንቀሉ። ሲመልሱት ንፁሁ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ሳይከፍቱት በቀኝ ጠቅ፣ ፎርማት። ፋይል ያለበትን ፍላሽ ሰክተው ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካገኙ ሾርትከቶቹን አይጫኑ፤ ቫይረሱ የሚነሳው በእነሱ ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፦ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው፣ ሾው፣ ሂድን አይተምስ ያብሩ፤ ካልታዩ ደግሞ ፎልደር ኦፕሽንስ ገብተው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። አንዳንዴ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሰነዶቹን ብቻ ቀድተው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።